ዘጠና ዘጠነኛዋ ፍሬ

ሃንጋራችን በር ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት የቆርቆሮ ትሪ ተቀምጣለች። ወደ አውሮፕላኗ የሚጠጋ ሰው ሁሉ ኪሱን እዚያ ላይ ያራግፋል። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ ማስቲካ፣ የካዚኖ ቺፕ ወጥቶባታል፤ አንድ ቀን እንዲያውም የሰው ጥርስ ወጣ። ባለቤቱ ተነቃይ ነው ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ እኔም ነቅሎ እስካስቀመጠው ድረስ ግድ እንደሌለኝ ነገርኩት። ዳኛ ይሁን ሐኪም፣ ኪሱን ሳያራግፍ ክንፏን አይረግጥም። በዚህ ጉዳይ ነጭናጫ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ምክንያት አለኝ። አውሮፕላኗ ሩስያውያን በሰማይ ላይ መገለባበጥ ለሚማሩ ተማሪዎች ብለው የነደፏት፣ ሮማኒያ ውስጥ የተሠራች፣ ከልጄ በዕድሜ የምትበልጥ ባለ ሁለት ወንበር ናት። አንዱ ወንበር ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ነው። ከወንበሮቹ ስር ያለው ወለል እንደ ቤት ወለል የተደፈነ አይደለም፤ መሪውን ከጭራው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች እርቃናቸውን ነው የሚሄዱት። አንድ ካቻቢቴ እዚያ ከወደቀ አውሮፕላኗ ስትገለበጥ እሱም አብሮ ይጓዛል። መጋጠሚያ መሃል ገብቶ ከተቀረቀረ ደግሞ አብራሪው መሪውን ቢጎትት አይመጣለትም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ጉራ አይሁንብኝና እኔ ይህችን ዓይነት አውሮፕላን የማውቃት በጎረምሳነቴ ነው። ለቴክኒሺያንነት ሶቪየት ኅብረት ተልኬ ስማር እጄን ያፍታታሁት በእሷ ነበር። ከዚያ አገሩም ተለወጠ፣ እኔም ተለወጥኩ፤ ላስ ቬጋስ ገብቼ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር የምገፋ ሰው ሆንኩ። እስከ ዛሬም እገፋለሁ። ግን እዚያው በሺፍት መሃል፣ በእረፍት ክፍሉ ጥግ ላይ እያጠናሁ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የአሜሪካን የአውሮፕላን መካኒክ ፈቃድ አወጣሁ። የፈተነኝ ሰውዬ እጄን ጨብጦ የት እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልደብቀውም።

ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው። ሰመርሊን በሚባለው ሰፈር ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ኢንጂነር ናት፤ አማርኛዋ ይንሸራተታል፣ በረራዋ ግን አይንሸራተትም። አውሮፕላኗን እኔና እሷ በጋራ ከአንድ ጡረተኛ ሐኪም ገዛናት። ለዓመታት ሸራ ለብሳ በረሃ ላይ ቆማ ስለነበር የላስቲክ ቱቦዎቿ ሲነኳቸው እንደ ቆሎ ይሰባበሩ ነበር። ከከተማው ደቡብ ባለች ትንሽ የበረሃ አየር ማረፊያ ሃንጋር ተከራየንና ሁለት ዓመት ሠራናት።

ይህች አውሮፕላን ለቸኮለ ሰው አትሆንም። ሞተሯ ክብ ነው፤ ዘጠኝ ሲሊንደሮች ዙሪያውን ይዘውታል። ስትቆም ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ እያዞሩ ምላጮቹን መቁጠር ግዴታ ነው። ከከበደ መታገል የለም፤ የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ ነው። የምትነሳው በታመቀ አየር ነው፣ ፍሬኗም በአየር ነው፣ እግሯን የምታጥፈውም በአየር ነው። አንዲት ማያያዣ ስታፏጭ ከሰማሁ አብራሪው ማንም ይሁን ማን ያን ቀን በረራ የለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ልጄ በደንብ የምትችለው ብቸኛው የአማርኛ ተረት ነው፤ ስንቱን ብሎን እያስፈታሁ ነው ያስጠናኋት።

እሷ ደግሞ በበኩሏ ስለ ሰው ደኅንነት ታስባለች። የድሮዎቹን ቀበቶዎች በአዲስ ባለ አምስት ማሰሪያ ያስቀየረችኝ፣ ሁለት ፓራሹት ገዝታ በየጊዜው ባለሙያ ዘንድ ወስዳ የምታሳጥፍ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል የእሳት ማጥፊያ ያስገጠመች እሷ ናት። በሩስኛ የተጻፉትን መለኪያዎች እንቀይር ስትለኝ ግን ተጣላን። ሦስት ሳምንት ተኮራርፈን በመጨረሻ ሩስኛው እንዳለ ሆኖ ከስሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ተስማማን። አሁን ሳየው እሷ ልክ ነበረች፤ እኔም ልክ ነበርኩ።

ባለፈው ጸደይ ታላቅ ወንድሜ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጡ። አባታችን የሞቱት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ እያለሁ ነው፤ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ይባሉ እንጂ አባቴ ናቸው። ጉልበታቸው ረጅም መንገድ ስለማይችል ሃሪ ሪድ ሲደርሱ ዊልቸር ታዞላቸው ነበር፤ ይዤ የጠበቅኋቸውም እኔው ነኝ፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ። አቅፈው ሳሙኝ፣ ተቀመጡ፣ መግፋት ስጀምር ዘወር ብለው አዩኝ።

«ሥራህ ይኼ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አየር ማረፊያ ነው የምሠራው ስትለኝ አውሮፕላን ነው የምትጠግነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ!»

በቁጣ አልነበረም ያሉት፤ እንዲያውም ቀጥለው «ሥራ ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔን ግን ቃሉ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ። ዊልቸሩን ያዩ ዓይኖች አውሮፕላኗንም እንዲያዩልኝ፣ በእጄ ያነሳኋትን አውሮፕላን በልጄ አብራሪነት ተሳፍረውባት እንዲመለሱ ከምንም በላይ ፈለግኩ። ነገሩ ግን ቀን በቀን ተገፋ፤ አንድ ቀን ነፋስ፣ አንድ ቀን የልጄ ሥራ፣ አንድ ቀን የእኔ ኦቨርታይም። በመጨረሻ የቀረን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ሆነ። እሑድ ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ሱብሂን አብረን ሰገድን። ከሶላቱ በኋላ የአባታችንን መቁጠሪያ ሰጡኝ፤ ዘጠና ዘጠኝ ጥቁር የእንጨት ፍሬዎች፣ በጣት ብዛት የለሰለሱ። ከልጅነቴ ወዲህ ይዤው አላውቅም ነበርና አንድም ሳልዘል ዙሪያውን ቆጥሬ መለስኩላቸው። ከዚያ ወደ ሃንጋሩ ሄድን።

ልጄ ቀድማን ደርሳ ፕሮፔለሩን ቆጥራ፣ አየሩን ሞልታ፣ ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ፖኬት ቼክ!» አለች እንደ ልማዷ። የእኔን ተቀበለችና ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ ፖኬትህን ኤምፕቲ አድርግ ፕሊስ።»

«ተይ!» አልኳት። «ነውር አይደለም እንዴ? የአባትሽን ታላቅ ኪስህን አሳየኝ ይባላል?»

«ባባ፣ ሩሉ ያንተ ነው እኮ!»

«ተይ ብያለሁ።»

ትሪዋን አስቀመጠች። ልጄ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አታውቅም፤ ብዙ ጊዜ አዝኜባት ነበር በዚህ። ወንድሜ የምንከራከርበት ነገር የገባቸው ሳይመስሉ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አውሮፕላኗን ይዞሯታል። ሞተሯን ዳሰሱ፣ ክንፏን መታ መታ አደረጉ። «ይኼን ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። «ማሻአላህ!» ያቺን «ማሻአላህ» ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ አላህ ያውቃል።

ደግፈን ወደ ኋላ ወንበር አወጣናቸው። ፓራሹቱን አለበስኳቸው፣ የራስ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ቀበቶዎቹን ማሰር ጀመርኩ። እሳቸው በዚህ መሃል ከኪሳቸው መቁጠሪያውን አውጥተው ዚክር ጀምረው ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩም። የትከሻውን ማሰሪያ በኃይል ስስብ ክሩ ከመቆለፊያው ስር ገብቶ ኖሮ ጠፕ ብሎ ተበጠሰ። ፍሬዎቹ በብረቱ ወለል ላይ እንደ በረዶ ተንጠባጠቡ።

«ዋት ዋዝ ዛት?» አለች ልጄ ከፊት ወንበር።

አንዳንዷ ፍሬ ከስር እየተንከባለለች ስትሄድ ይሰማኝ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ወንድሜን አውርደን ከክንፏ ጥላ ስር ወንበር ሰጠናቸውና ለቀማው ተጀመረ። የወለሉን መሸፈኛዎች በሙሉ ፈታን። እንጨት ስለሆኑ ማግኔቴ ዋጋ የለውም። የአቧራ መምጠጫው አፍ ላይ የሴት ስቶኪንግ አስረን በየስርቻው አስገባን፤ ፍሬዎቹ ስቶኪንጉ ላይ እየተጣበቁ መጡ። ጭራዋን ወደ ታች ተጭነን አውሮፕላኗን ነቀነቅናት፤ የተደበቁት እየተንከባለሉ ወደ ኋላ መጡልን። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግታ ዐሥር ዐሥር አድርጋ ደረደረቻቸው። ፀሐይዋ እየበረታች፣ ወለሉ እንደ ምጣድ እየጋለ፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ በባትሪ እፈልጋለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ወንድሜ ከጥላው ስር ሆነው ያዩኛል።

ዘጠኝ ረድፍ ባለ ዐሥር፣ አንድ ረድፍ ባለ ስምንት። እንደገና ቆጠርን። ዘጠና ስምንት።

ነፋሱ መነሳት ጀምሯል፤ ከቀትር በኋላ በዚያ በረሃ ሽማግሌ ይዞ መብረር አይታሰብም። ቀና ስል ወንድሜ ከወንበራቸው ተነስተው ፎጣው ጋ ቆመዋል።

«በቃ፣ ልክ ነው» አሉ። «ዘጠና ስምንት ነው። አንዷ ድሮ ተሰንጥቃብኝ ጥያታለሁ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን ጠዋት ዙሪያውን እንደቆጠርኩ ያውቃሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ቆጥሬ የጨረስኩትን የሚያውቅ ሰው ፊቴ ላይ ቆሞ ቁጥሩን ይቀንስልኛል። ወንድሜ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። አሁን የዋሹት ለእኔ ነው፤ በልጄ ፊት ሦስት ሰዓት በሆዴ ስሳብ ማየት አልችል ብለው፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሊሸፍኑልኝ።

ልጄ እፎይ አለች። «ኦ፣ ታንክ ጋድ! እንግዲያው ጉድ ነን ማለት ነው። ባባ፣ ሳይን ታደርጋለህ?» ብላ የአውሮፕላኗን መዝገብና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ወለል ሲፈታና ሲገጠም መካኒኩ መፈረም አለበት፤ መካኒኩ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር። እስክሪብቶውን ከፈትኩ። ዛሬ መገለባበጥ የለም፣ አንዲት ፍሬ የት ትደርሳለች አልኩ። ነገ ይሄዳሉ አልኩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ ዳግም ይመጣሉ ያለው ማን ነው? ደግሞስ ታላቅን፣ ያሳደገን፣ ፊት ለፊት «አይደለም» ይባላል? ስድሳ ዓመት አልፎኝ አንድ ቀን ብያቸው አላውቅም። እኛ ቤት ጋሼ ቀኑን ጨለማ ነው ካሉ መብራት ይበራል እንጂ መስኮት አይከፈትም። ቀና ስል ልጄ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ትጠብቀኛለች። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የለም። እኔ ከፈረምኩ ትበራለች፤ ሌላ አትጠይቅም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ዘጠና ዘጠኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ። እርስዎም ያውቃሉ።»

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቷን አየች። ከዚያ መዝገቡን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። «ኦኬ» አለች። «ዛሬ ፍላይት የለም።»

ወንድሜ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጀለቢያቸው ጠረግ አድርገው መልሰው አደረጉ፣ ብቻቸውን እያነከሱ ወደ መኪናው ሄዱ። እጃቸውን ልይዝ ስጠጋ ክንዳቸውን ሰበሰቡ።

ዘ ስትሪፕን፣ ያን የካዚኖዎቹን ጎዳና፣ ስናቋርጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። እራት ላይ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተነሱ። መግሪብን አሰገዱን፤ ዱዓ ሲያደርጉ እንደወትሮው በስም አልጠሩኝም። ያን ሌሊት የተኛሁትን አላህ ይቁጠርልኝ። አውሮፕላን አሳያለሁ ብዬ አባቴን አጣሁ አልኩ፤ አለቀስኩም።

እሑድ ሃሪ ሪድ ዊልቸራቸውን የገፋሁት እኔ ነኝ። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ተራ ያዝን። የፕላስቲኩ ሣጥን ሲቀርብላቸው ማንም ሳይነግራቸው ኪሳቸውን ያራግፉ ጀመር፤ ስልክ፣ መነጽር፣ የጥርስ መፋቂያ ሚስዋክ፣ በላስቲክ የተቋጠሩ ዘጠና ስምንት ፍሬዎች። ከዚያ ጀለቢያቸውን ጎትተው የሁለቱን ኪሶች ገበር ወደ ውጭ ገለበጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ከአዲስ አበባ እስከዚህ በየደረስኩበት ለማያውቀኝ ሰው ኪሴን ስገለብጥ ነው የመጣሁት» አሉ። «አንተ ብትጠይቀኝ እምቢ የምል መስሎህ ነው?»

እስከ መሳፈሪያው በር ገፋኋቸው። ግንባሬን ሳሙኝና ገቡ፤ ዞረው አላዩኝም።

በሳምንቱ የእረፍት ቀኔ ፀሐይ ሳትበረታ ሃንጋሩ ገባሁ። ልጄም ሥራ ከመግባቷ በፊት መጣች። ወለሉን ሳይሆን የጭራውን ሽፋን ፈታሁ፤ እዚያ ትደርሳለች ብዬ አስቤ አልነበረም፣ ግን ጭራዋን ወደ ታች ተጭነን የነቀነቅናት እኛው ነን። የጥርስ ሐኪም መስታወት የመሰለውን መሣሪያዬን አስገብቼ በባትሪ ፈለግኩ። ምንም አይታየኝም። «እስቲ መሪውን ወደፊት ግፊው» አልኳት፤ ኮክፒት ውስጥ ነበረች።

«እየገፋሁ ነው ባባ።»

«እስከ መጨረሻው።»

«አይሄድም።» ደግማ ገፋች። «ባባ፣ አይሄድም። ስታክ ነው።»

ያኔ አየኋት። ዘንጉን ከጭራው ጋር በሚያገናኘው መታጠፊያ ክርን ውስጥ፣ በክርኑና በብረቱ ግድግዳ መሃል፣ ጥቁር፣ ልስልስ፣ ከሽንብራ ብዙም የማትበልጥ። በፒንሳ ስቤ አወጣኋትና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፌ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ከዚያች ቀን ወዲህ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ወደ ጭራው የሚወስደውን ክፍተት የሚዘጋ ጠንካራ ሸራ ሰፍቼ ገጥሜያለሁ። ትሪዋ ላይም የአማርኛ ጽሑፍ ለጥፌያለሁ፤ «ታላቅም ታናሽም» ይላል።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ደወልኩላቸው። ኮምቦልቻ የአስር ሶላት አልቆ ሰው መስጊዱ በረንዳ ላይ የሚጫወትበት ሰዓት ነበር፤ የሰዉ ጫጫታ በስልኩ ይሰማኛል። ካሳፈርኳቸው ወዲህ በደህና መግባታቸውን ከመስማት በቀር አልተነጋገርንም።

«ጋሼ፣ አገኘናት» አልኩ።

«የት?»

ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳቸው። መሪው እስከ መጨረሻው አልሄድም ማለቱንም፣ ያ አየር ላይ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኗ ምን ትሆን እንደነበርም።

«ልጅቷ ከፊት ነበረች» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ከኋላ።»

«አዎ።»

ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ከሰዉ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኛል፤ በልጅነቴ ከጓሮ ሲጠሩኝ የምሰማው ያ ወፍራም ድምፅ ነበር።

«እስቲ ዝም በሉ! ስሙ! ይኼ ወንድሜ ነው፣ የአሜሪካው፣ የአውሮፕላን ጠጋኙ! በገዛ ልጁ ፊት፣ ዓይኔን እያየ፣ ዋሽተሃል ያለኝ!»

ሰዉ ሳቀ። አንዱ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው» ያለ መሰለኝ።

«ባለጌ?» አሉ ወንድሜ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ!»